የጎን ኪስ አፉን ለምን ይከፍታል? ለሱሪና ለጉርድ ቀሚስ (ከየመልእክቱ በላይ ያለው የጸሐፊው ቅጽል ስም ነው)

እስፒል

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጎን ኪስ ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ መልሱ ለሱሪም ለጉርድ ቀሚስም ቢሆን ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ በጎን ስፌት ውስጥ የገባው ኪስ ልብሱ ሲለበስ አፉን ይከፍታል፣ የውስጡ ጨርቅም ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ሁለተኛ፣ ከኪሱ አፍ በታች፣ ልክ የጎን ስፌቱ እንደገና በሚጀምርበት ቦታ ሽብሽብ አለ፤ ካውያ አያስለቅቀውም። ሦስተኛ፣ የኪሱ ከረጢት ውስጥ ለውስጥ እየዞረ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ጨርቁ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ነው። የስፌት ትርፉ፣ ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ጠርዝ ያለው ማለቴ ነው፣ 1.5 ሴንቲ፣ ከረጢቱም ከዚያው ከጨርቁ የተቆረጠ።

ድርና ማግ

የሦስቱም ምክንያት የተለያየ ስለሆነ የመጀመሪያውን ብቻ ልመልስ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ኪስ አፉን የሚከፍትበት አንዱ ምክንያት ከኪሱ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ልብሱ ዳሌ ላይ ጠቧል። ጨርቁ ዙሪያውን ሲወጠር ያልተሰፋ ቦታ የሚያገኘው የኪሱን አፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ይላቀቃል። ለማወቅ የሁለቱንም ኪሶች አፍ በእስፒል ዝጉና ልብሱን ለብሳችሁ መስታወት ፊት ቁሙ፣ ተቀመጡም። ከዳሌ ወደ ዳሌ አግድም የሚሄድ ውጥረት ከታየ፣ ወይም እስፒሉ ጨርቁን እየጎተተ ቀዳዳ ከከፈተ የጎደለው ስፋት ነው። በማይለጠጥ ጨርቅ የልብሱ የዳሌ ዙሪያ ከሰውነቱ ልክ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ መብለጥ አለበት፤ ኪሱ እጅና ስልክ የሚገባበት ከሆነ ወደ 6 ቢጠጋ ይሻላል። ይህ ሳይስተካከል ኪሱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ክር መጨረስ ብቻ ነው።

ስፋቱ በቂ ሆኖም አፉ ከተከፈተ ጠርዙ ተለጥጧል ማለት ነው። የጎን መስመር ከወገብ እስከ ዳሌ ጎባጣ ነው። ጎባጣ መስመር ሲቆረጥ መቀሱ የድሩን አቅጣጫ (በጨርቁ ርዝመት የሚሄዱትን ክሮች) ለቆ ወደ ሰያፍ ይጠጋል፤ ሰያፍ ደግሞ እንዲለጠጥ በእጅ መነካት ብቻ ይበቃዋል። 16 ሴንቲ ሆኖ የተቆረጠ አፍ ማሽኑ ላይ እስኪደርስ ድረስ በግማሽ ሴንቲ ሊረዝም ይችላል። የፊተኛው ጠርዝ ከኋለኛው ሲረዝም ትርፉ የሚሄድበት የለውም፣ ወደ ውጭ ይጎብጣል።

መድኃኒቱ መያዣ ጥብጣብ ነው። ከጨርቁ የፋብሪካ ጠርዝ፣ ከማይተረተረው ዳር ማለቴ ነው፣ 1 ሴንቲ ስፋት ያለው ቁራጭ በድሩ አቅጣጫ ቁረጡ። ርዝመቱ የአፉ ርዝመት ሲደመር 4 ሴንቲ ይሁን። ጠርዙ የተሸበሸበ ወይም በጣም ወፍራም ከሆነ በካውያ የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ በ2 ሴንቲ ስፋት ይተካዋል፤ እሱም በርዝመቱ የማይለጠጥ መሆን አለበትና በሁለት እጅ ሳብ አድርጋችሁ ሞክሩት። ቦታው በፊት ቁራጩ ውስጠኛ ገጽ፣ ስፌቱ በሚያልፍበት መስመር ላይ ነው፤ ከረጢቱ ከመገጠሙ በፊት። ኋላ ቁራጩ ላይ አያስፈልግም፣ ውፍረት ከመጨመር በቀር።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ጥብጣቡ የሚለካው ጨርቁ ከተቆረጠበት ልክ፣ ከወረቀቱ ፓተርን ላይ እንጂ ከተቆረጠው ጨርቅ ላይ አይደለም። ጨርቁ ቀድሞ ተለጥጦ ከሆነ ከእሱ ላይ መለካት ጥፋቱን ማጽናት ነው። ጨርቁ ከጥብጣቡ በ3 ወይም በ4 ሚሊ ከረዘመ በካውያ እንፋሎት ቀስ እያላችሁ ሰብስቡት። ከዚያ በላይ ከሆነ ቁራጩን እንደገና ፓተርኑ ላይ ዘርግታችሁ አመሳክሩ።

ቀጭን መርፌ

ድርና ማግ የተናገረው ላይ የምጨምረው የለም። ሽብሽቡና የከረጢቱ መዞር ግን ሁለቱም ከአሰፋፍ ቅደም ተከተል ስለሚመጡ ሥራውን ከመጀመሪያው ልሂድበት።

ልክ። መዳፍን በሰፊው ቦታ፣ አውራ ጣትን ጨምራችሁ፣ ዙሪያውን ለኩ፤ ለሁለት አካፍሉና 3 ሴንቲ ጨምሩ። ዙሪያው 24 የሆነ እጅ 15 ሴንቲ አፍ ይበቃዋል። ከ14 በታች የሆነ አፍ እጅ በገባ ቁጥር ጫፎቹ ላይ ስፌቱን ይተረትራል፤ ከ18 በላይ የሆነው ደግሞ ስትቀመጡ ዕቃ ያስወጣል። አፉ ከተጠናቀቀው ወገብ 5 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ይጀምር። ከረጢቱ ከአፉ የታችኛው ጫፍ ቢያንስ 11 ሴንቲ ይውረድ፣ ስፋቱ 16 ይሁን። ስለዚህ ከወገብ ሲለካ አፉ ከ5 እስከ 20፣ የከረጢቱ ወለል 31 ላይ ነው። ከረጢቱ ከጎን ጠርዙ ጋር የሚገጠመው ከወገብ እስከ 22 ነው፤ ከአፉ 2 ሴንቲ አልፎ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ የተጠናቀቁ ልኮች ናቸው፣ የስፌት ትርፍ ተጨምሮባቸው ይቆረጣል።

ከረጢቱ ሽቅብ እስከ ወገብ የሚደርሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የላይኛው ጠርዝ ከፊት ቁራጩ ጋር አብሮ ወገቡ ውስጥ ይሰፋል፤ ያኔ ወደ ኋላ መዞር አይችልም። ሦስተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ አለቀ። በብዙ ፓተርን ላይ የሚታየው፣ ከጎን ስፌቱ ብቻ የሚንጠለጠለው ትንሽ ከረጢት ጨርቅ ይቆጥባል እንጂ ይዞራል።

ወለሉን ክብ አድርጉት። ሹል ማዕዘን ውስጥ ብናኝ ይጠራቀማል፣ ስፌቱም ቶሎ የሚያልቀው እዚያ ነው።

አቆራረጥ። ለሁለት ኪስ አራት ቁራጭ ያስፈልጋል፣ ሁለቱ የሌሎቹ ሁለት ግልባጭ ሆነው። ጨርቁን አጥፋችሁ በድርብ ብትቆርጡ ራሱ ይስተካከላል። በነጠላ የሚቆርጥ ሰው አራት የቀኝ ከረጢት ይዞ ሊገኝ ይችላል፤ ውስጡና ውጩ የሚለይ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ ማዳን የለም።

አሰፋፍ። ቁራጮቹ ላይ አፉ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ የሚለካው ከላይ ከወገቡ ጠርዝ ነው። የፊትና የኋላ ቁራጮችን የጎን ጠርዝ በመጀመሪያ ኦቨርሎክ አድርጉት፣ ዳሩ እንዳይተረተር በክር በሚይዘው ማሽን ማለት ነው፤ የማሽኑ ቢላዋ ግን ምንም እንዳይቆርጥ፣ 1.5ቱ እንዳለ ይቆይ።

አንዱን ከረጢት ከፊት ቁራጩ ጋር ውጩን ከውጩ አግጥማችሁ 1 ሴንቲ ላይ ስፉ። ለኋላውም እንዲሁ። የጎን ስፌቱ ወደፊት 1.5 ላይ ስለሚሄድ የከረጢቱ መጋጠሚያ ግማሽ ሴንቲ ወደ ውስጥ ይገባል። የውስጡ ጨርቅ ውጭ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ስፌቶች 1.5 ላይ ስለሚሰፉ ነው።

ከረጢቱን ወደ ውጭ ገልጣችሁ ካውያ አስነኩት። የስፌት ትርፎቹን ወደ ከረጢቱ አስተኝታችሁ፣ ከመጋጠሚያው 2 ሚሊ ርቃችሁ ከረጢቱ ላይ አንድ መስመር፣ መያዣ መስመር የሚባለውን፣ ስፉ። ይህ መስመር ከውጭ አይታይም፤ ሥራው ጠርዙ ወደ ውስጥ እንዲገለበጥ ማስገደድ ነው። ለፊተኛው ግዴታ ነው፣ ለኋለኛው ብታደርጉትም ባታደርጉትም።

አሁን ፊትና ኋላውን ውጩን ከውጩ አግጥሙ። የጎን ስፌቱን 1.5 ላይ ከወገቡ እስከ ላይኛው ምልክት ስፉና ስፌቱ እንዳይፈታ ጥቂት ሄዳችሁ ተመለሱ። ክሩን ቁረጡ። ከታችኛው ምልክት ጀምራችሁ፣ እዚያም ሄዳችሁ ተመልሳችሁ፣ እስከ ታች ጠርዝ ውረዱ። ከረጢቱን ዙሪያውን የምትሰፉት ከዚህ በኋላ ለብቻው ነው፤ ከ22 ምልክት፣ ከጎን ስፌቱ መስመር ላይ ተነስቶ በወለሉ ዞሮ ወገብ ድረስ። ወለሉ ላይ ሁለተኛ መስመር ደርቡበት።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ይሰፋዋል፤ ከወገብ ወርዶ፣ ማዕዘኑ ላይ መርፌውን ሳያወጣ ጨርቁን አዙሮ፣ ከረጢቱን ዞሮ፣ እንደገና አዙሮ ወደ ታች። ፈጣን ነው። ግን የታችኛው ማዞሪያ በ2 ሚሊ ከጎን ስፌቱ መስመር ከወጣ ሽብሽቡ የሚፈጠረው እዚያው ነው። የሁለተኛው ጥያቄ አንዱ መልስ ይኸው።

ሌላኛው መልስ መቀስ ነው። ከረጢቱ ወደ ፊት ይተኛል፤ ከኪሱ በታች ያለው የስፌት ትርፍ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚተኮሰው። የኋላ ቁራጩ ትርፍ በአንድ ቦታ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አይችልምና ይጣመማል። ልክ ከከረጢቱ በታች የኋላውን ትርፍ ብቻ፣ ስፌቱ 2 ሚሊ እስኪቀር ድረስ፣ በአግድም ሰንጥቁት። ሽብሽቡ ይለቃል።

እስፒል

የተሰነጠቀው ቦታ አይተረተርም?

ቀጭን መርፌ

ኦቨርሎኩ እዚያ ላይ ስለሚቆረጥ ጫፎቹን በጥብቅ ዚግዛግ ወይም በእጅ ስፌት ሦስት አራት ጊዜ ያዙት። ቶሎ የሚተረተር ጨርቅ ከሆነ ከመሰንጠቃችሁ በፊት 2 ሴንቲ በ2 ሴንቲ የሆነ ተጣባቂ ጨርቅ ከስሩ አስገቡ።

ጠመኔ

የከረጢቱ መጋጠሚያ ወደ ውስጥ የሚገባባት ግማሽ ሴንቲ ለፖፕሊንና ለስስ ጥጥ ትሠራለች። ለሱፍ፣ ለጂንስና ለወፍራም ካኪ ግን አልስማማም። ወፍራም ጨርቅ ሲታጠፍ ውፍረቱ ራሱ 2 እና 3 ሚሊ ይበላል፤ የቀረችው ከረጢቱን አትሸፍንም። ከዚያም በላይ ከረጢቱ ከዚያው ጨርቅ ከሆነ ዳሌው ላይ አራት ድርብ ተከምሯል፣ የስፌት ትርፉን ሳይቆጥር። ጉርድ ቀሚሱ ከጎን ያበጠ የሚመስለው በዚህ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቱ ከረጢቱን ከአቡጀዲ ወይም ከፖፕሊን ቁረጡ፤ አፉ አካባቢ የሚታየው ክፍል ብቻ ከዋናው ጨርቅ ይሁን። 5 ሴንቲ ስፋት ያለው የዋናው ጨርቅ ቁራጭ በአፉ ርዝመት ሲደመር 6 ሴንቲ ትቆርጣላችሁ፣ ውስጠኛውን ጠርዝ ኦቨርሎክ ታደርጋላችሁ፣ ከኋለኛው ከረጢት ላይ ደርባችሁ በዚያው ጠርዝ ትሰፉታላችሁ። አትጠፉት፤ እጥፋቱ ሲተኮስ ከውጭ መስመር ያወጣል። ለፊተኛው ከረጢት 3 ሴንቲ ይበቃል።

ትርፎቹንም አንድ ላይ እኩል አትተዉ። ከከረጢቱ በኩል ያለውን ወደ 5 ሚሊ ቀንሱ፣ የዋናው ጨርቅ 1 ሴንቲ ይቆይ። ደረጃ ካልሠራ ውፍረቱ በአንድ መስመር ያልቅና ሲተኮስ ሸንተረር ሆኖ ይታያል። ስትተኩሱም በትርፉና በልብሱ መካከል ወረቀት አስገቡ።

ድርና ማግ

በጠመኔ ሐሳብ እስማማለሁ፣ አንድ ጥንቃቄ ጨምሩበት እንጂ። የከረጢቱ ጨርቅ ከዋናው የተለየ ከሆነ ሁለቱም ከመቆረጣቸው በፊት ይታጠቡ፣ ልብሱ ወደፊት በሚታጠብበት ውኃ ሙቀት። ያልታጠበ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። 31 ሴንቲ ከረጢት ላይ ያ ከ0.9 እስከ 1.5 ሴንቲ ያህል ነው፤ ዋናው ጨርቅ ባለበት ሲቀር ከረጢቱ የጎን ስፌቱን ሽቅብ ይስበዋል። ያኔ ሽብሽቡ ከየት መጣ ይባላል።

የገበር ሐር መሳይ ጨርቅ ለከረጢት አትጠቀሙ። ያንሸራትታል፣ ቁልፍና ሳንቲም ሲገባበት ስፌቱ አካባቢ ድርና ማጉ ይላቀቃል። (ስሜን ስላነሣሁ ይቅርታ።)

ነጭ ክር

ነጭ ሱሪ የምትሰፉ ከረጢቱን ነጭ አታድርጉት። በነጭ ጨርቅ ስር ነጭ ከረጢት ድርቡ ጎልቶ ቅርጹ እንዳለ ይታያል። ለለባሹ ቆዳ ቀለም የሚቀርብ ጨርቅ ከስር ይጠፋል። የከረጢቱንም ዳር ኦቨርሎክ ብቻ አድርጉት፣ ታጥፎ የተሰፋ ዳር ከውጭ ይነበባል።

ዙሪያ ልክ

ለሱሪስ? እኔ በጎን ስፌት ውስጥ የሚገባ ኪስ ለሱሪ አይሆንም ባይ ነኝ። ጠበብ ያለ ሱሪ ላይ አፉ ምንም ቢደረግ ይከፈታል። ሰያፍ ኪስ የሚያውቅ ካለ ልክና ቅደም ተከተሉን ያስቀምጥልን።

ካኪ

ሰፊ ሱሪ ላይ የጎን ስፌቱ ኪስ ያምራል፣ ሙሉ በሙሉ አትጣለው። ዳሌ ላይ ለሚጠብቅ ሱሪ ግን ልክ ነህ። ሰያፉ የሚሻለው አፉ ከጎን ስፌቱ ስለሚላቀቅ ነው፤ ወደ ጎን የሚስበው ኃይል አፉን ቀጥ ብሎ አያገኘውም፣ ከአፉ ስር ደግሞ ወገቡንና የጎን ስፌቱን የሚያያይዝ ጨርቅ አለ።

የፊት ቁራጩን ፓተርን ውሰድ። ወገቡ ላይ ከጎን መስመሩ 4 ሴንቲ ወደ ውስጥ ምልክት አድርግ፤ በጎን መስመሩ ላይ ከወገቡ 17 ሴንቲ ወርደህ ሌላ ምልክት። ሁለቱን በቀጥታ መስመር አገናኝ። 4ቷን ወደ 3 ብታጠብባት መስመሩ ቁልቁል ይቆምና እጅ መግቢያው ይጠባል፤ ወደ 6 ብታሰፋት ኪሱ እንደ ጂንስ ይጋደማል፣ ያኔ መስመሩን ጎበጥ ማድረግ ትችላለህ። ያንን ጥግ ቆርጠህ ከማውጣትህ በፊት ግን ሙሉውን ፓተርን ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጥ፣ የትልቁ ከረጢት ልክ የሚገኘው ከእሱ ነውና።

ለእያንዳንዱ ኪስ ሁለት ቁራጭ አለ። ትንሹ ከረጢት የላይ ጥጉ በሰያፉ የተቆረጠ ነው፣ ከፖፕሊን ይሆናል። ትልቁ ከረጢት ሙሉ ነው፣ ወገቡና የጎን መስመሩ እንዳለ፤ እሱም ከፖፕሊን ሊሆን ይችላል፣ ጥጉ ላይ ግን የዋናው ጨርቅ ድርብ ይደረግበታል። ያ ድርብ ከአፉ መስመር ቢያንስ 4 ሴንቲ ወደ ውስጥ ይግባ፣ እጅ ሲገባ ፖፕሊኑ እንዳይታይ። ትልቁ ከረጢት ላይ አፉ የሚያርፍበትን ሁለት ነጥብ፣ አንዱን ወገቡ ላይ አንዱን ጎኑ ላይ፣ በትንሽ ስንጥቅ ምልክት አድርግ። ይህ ምልክት ከጠፋ ሱሪው ይበላሻል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የሰያፉ ጠርዝ ላይ መያዣ ጥብጣቡ እዚህ ይበልጥ ግዴታ ነው፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሰያፍ ነዋ። ትንሹን ከረጢት ከፊት ቁራጩ ጋር ውጩን ከውጩ አግጥመህ 1 ሴንቲ ላይ ስፋ፣ ትርፉን ወደ 5 ሚሊ ቀንስ፣ ወደ ከረጢቱ አስተኝተህ 2 ሚሊ ላይ መያዣ መስመር ስፋ። ወደ ውስጥ ገልብጥና ከረጢቱ 1 ሚሊ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ተኩስ። ከዚያ ከውጭ 6 ሚሊ ላይ የላይ ስፌት፤ የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 ወደ 3 ሚሊ አሳድገው፣ ያምራል።

አሁን ትልቁን ከረጢት ከስር አስገባና ምልክቶቹን አግጥም። እዚህ ጋ ትንሽ ብልሃት አለች። የፊት ቁራጩን ጠርዝ ወገቡ ላይ ከምልክቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ወደ ጎን አስጠጋው፣ አፉ ትንሽ አየር እንዲያገኝ። ዳሌ ጎባጣ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ፍጹም ተኝቶ የተሰፋ አፍ ሰውነት ላይ ሲወጣ ይወጠራል። ከ5 ሚሊ በላይ ካስጠጋኸው ደግሞ ባዶ ኪስ እንኳን ያዛጋል። ወገቡንና ጎኑን በላላ ስፌት ያዝ፣ ሁለቱን ከረጢቶች በወለሉና በውስጠኛው ዳር ስፋ፣ ከዚያ ሱሪው ኪስ እንደሌለው ሁሉ የጎን ስፌቱን ትሰፋለህ።

ምልክቱ ከጠፋ የሚሆነውን ላስረዳ። ፊቱን 1 ሴንቲ ወደ መሀል አብዝተህ ካስቀመጥከው ወገቡ በአንድ ወገን 1 ሴንቲ ይሰፋል፣ በሁለቱ ወገን 2። የወገቡ ቁራጭ አይደርስም። በተቃራኒው ከሆነ ይተርፋል። ሰው የወገቡን ቁራጭ ልክ ያልሆነ መስሎት ይቆርጠዋል፤ የተበላሸው ግን ኪሱ ጋ ነው። ስለዚህ ኪሶቹ እንደተያዙ፣ የጎን ስፌቱ ገና ሳይሰፋ፣ የፊት ቁራጩን ከገለበጥከው ሙሉ ፓተርን ላይ ዘርግተህ አመሳክር። የግራና የቀኙንም አፍ እርስ በርስ ደርበህ እይ፤ 3 ሚሊ ልዩነት ከፊት በደንብ ይታያል።

ዙሪያ ልክ

ተባረክ። አፉ ጫፎች ላይ ምን ታደርጋለህ?

ካኪ

ጥቅጥቅ ያለ ዚግዛግ፣ ስፋቱ 2 ሚሊ፣ ርዝመቱ 0.4፣ 8 ሚሊ ያህል ይሂድ። የላይኛው ወገቡ አጠገብ፣ የታችኛው ጎን ስፌቱ አጠገብ። ሁሉንም ድርብ ይያዝ፤ ከላይኛው ድርብ ብቻ የተሰፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀደደው ጨርቁ ነው። በጂንስ ላይ መርፌ ቁጥር 100፣ በካኪ 90፣ ለፖፕሊን 80። በቀጭን መርፌ ወፍራም ድርብ ላይ ዚግዛግ መምታት መርፌ መስበር ነው፣ ስሙን የያዘው ወዳጃችን አይቀየመኝ።

ሽርጥ

ለተገዛ፣ ኪስ ለሌለው ጉርድ ቀሚስ እንዴት ይጨመራል? ገበር ያለው ነው። የጎን ትርፉ 1 ሴንቲ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱም ተቀንሶ ኦቨርሎክ የተደረገ።

ቀጭን መርፌ

ይቻላል፣ ትርፉ 1 ሴንቲ እስከሆነ ድረስ። ከ7 ሚሊ በታች ቢሆን ኖሮ ተዉት እል ነበር። በመጀመሪያ ግን የጎን ዚፕ እንደሌለው አረጋግጡ፤ የማይታይ ዚፕ በግራ ጎን ሊደበቅ ይችላል።

ልብሱን ለብሳችሁ እጅ በተፈጥሮ የሚያርፍበትን ቦታ በእስፒል ምልክት አድርጉ፣ በሁለቱም ጎን ከወገቡ ለክታችሁ እኩል አድርጉት። ከመፍታታችሁ በፊት በስፌቱ መስመር ላይ በጠመኔ አስምሩ፤ ከተፈታ በኋላ አሮጌው መስመር ጠፍቶ ትርፉ ስንት እንደነበር መገመት ይመጣል። አፉ 15 ከሆነ 19 ሴንቲ ፍቱ፣ በላይም በታችም 2 ሴንቲ ትርፍ። ከመፍታታችሁ በፊት የቀረው ስፌት እንዳይሸሽ ከ19ኙ ውጭ ሁለቱም ጫፍ ላይ ሄዳችሁ ተመለሱ።

ከረጢቶቹን ከትርፉ ጋር 6 ሚሊ ላይ ግጠሙ። የጎን መስመሩ 1 ሴንቲ ላይ ስላለ 4 ሚሊ ወደ ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ትንሽ ስለሆነች መያዣ መስመሩ ይቅር አይባልም፣ ከረጢቱም ከውጩ ቀለም ጋር የሚቀራረብ ይሁን። ከዚያ ላይና ታች የፈታችሁትን 2 ሴንቲ በአሮጌው መስመር ላይ ዝጉ። ከረጢቱን ዙሪያውን ስፉ።

ገበሩ በከረጢቱና በሰውነት መካከል ይቀራል፣ አይቆረጥም። ከረጢቱ የሚኖረው በውጩ ጨርቅና በገበሩ መሀል ነው። ማሽኑን ለማስገባት ገበሩ ከታች ክፍት ካልሆነ የገበሩን አንድ የጎን ስፌት 25 ሴንቲ ያህል ፍቱ፣ በዚያ ግቡ፣ መጨረሻ ላይ በእጅ ዝጉት። ወገቡን መፍታት ካልፈለጋችሁ የከረጢቱን ላይ በ1 ሴንቲ ጥብጣብ ከወገቡ የውስጥ ትርፍ ጋር በእጅ አያይዙት፤ ከረጢቱ ወደ ፊት ተኝቶ ይቀራል።

ጠመኔ

በእርሳስ ቅርጽ የተሰፋ ጠባብ ጉርድ ከሆነ ግን አትድከሙ። ከረጢቱ ከውጭ ይነበባል፣ ስልክ ሲገባ ደግሞ ይባስ። ለሱ ከፊት በኩል ወገቡ ላይ የሚደበቅ ትንሽ ኪስ ይሻለዋል።

ባለ ዚፕ

የጎን ዚፕ ቢኖርስ? ሁለቱም ጎን ኪስ ይፈለጋል።

ጠመኔ

አዲስ የሚሰፋ ከሆነ ዚፑን ወደ መሀል ኋላ ውሰዱት፣ ነገሩ አለቀ። መሀል ኋላው ያለ ስፌት የታሰበ ከሆነ እዚያ ስፌት ማስገባት ጎን ላይ ዚፕና ኪስ ከማጋፋት ይቀላል።

ዚፕ ጨርሶ ካልተፈለገ የግራውን ሰያፍ ኪስ ራሱን መግቢያ ማድረግ ይቻላል። የፊት ቁራጩ ከነትንሹ ከረጢት፣ የኋላው ከነትልቁ ከረጢት ወገቡ ላይ ለየብቻ ይቀራሉ። የከረጢቶቹ ውስጠኛ ዳር ከወገቡ 17 ሴንቲ ድረስ አይሰፋም፣ ሁለቱም ዳር ለየብቻ ይቀመቀማል፤ ከዚያ በታች ያለው ይዘጋል። ከተዘጋው ክፍል ቢያንስ 12 ሴንቲ ጥልቀት ካልቀረ ዕቃ ይወድቃል፣ ስለዚህ ከረጢቱ ከመደበኛው ይርዘም። የወገቡ ቁራጭ የኋላው ወገን በትልቁ ከረጢት ስፋት ልክ ይረዝማል፣ የፊቱ በላዩ ላይ አርፎ በቁልፍ ወይም በማያያዣ ይዘጋል። አንድ ቁልፍ አይበቃም፤ የውስጠኛውን ጫፍ የሚይዝ ሁለተኛ ከውስጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ትልቁ ከረጢት ወደ ታች ይንሸራተታል።

ሽርጥ

የመጨረሻ ጥያቄ። ወገቡ ላስቲክ የሆነ፣ ከሚለጠጥ ጨርቅ የተሰፋ ጉርድ። ስልክ ሲገባ አንድ ጎኑ ይወርዳል።

ድርና ማግ

ከረጢቱን ከዚያው ከሚለጠጥ ጨርቅ ከቆረጣችሁት ክብደቱ ራሱን ከረጢቱን ያስረዝመዋል። ስስ ፖፕሊን ይሁን፤ አፉ ላይ ጥብጣቡን እንዳለ ተጠቀሙ፣ የጎን ስፌቱ አፉ ባለበት ቦታ መለጠጥ አያስፈልገውም። ከአፉ በላይና በታች ግን በጠባብ ዚግዛግ፣ ስፋቱ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ፣ ስፉ፤ ቀጥ ያለ ስፌት ልብሱ ሲሳብ ይበጠሳል። መርፌው ጫፉ ድቡልቡል የሆነው፣ ለሚለጠጥ ጨርቅ የሚሸጠው ይሁን፣ ሹሉ ክሩን ይበጥስና ከስፌቱ ጎን ቀዳዳ ይሠራል።

የከረጢቱን ላይ ሙሉውን ላስቲኩ ውስጥ አታስገቡት። ላስቲኩ ሲሰበሰብ ከረጢቱም አብሮ ይሸበሸባል፣ ወገቡም ያብጣል። በ1 ሴንቲ ጥብጣብ ሁለት ቦታ ብቻ አንጠልጥሉት፣ አንዱ ከጎን ስፌቱ አጠገብ፣ ሌላው ከረጢቱ በስተ ፊት በሚያልቅበት። ላስቲኩን በተመለከተ፣ 2.5 ሴንቲ ስፋት ያለው ላስቲክ ስልክ የተሸከመ ኪስን በደንብ አይዝም፤ ወደ 4 ሴንቲ ከፍ አድርጉትና ከወገቡ ልክ 5 ሴንቲ ያህል አሳጥራችሁ ለብሳችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ጫፎቹን ስፉ።

ቀጭን መርፌ

ከላይ ስለ ከረጢት ጥልቀት ያልኩትን እዚህ ቀንሱት። ለላስቲክ ወገብ ከአፉ በታች 9 ሴንቲ ይበቃል። ከረጢቱ ሲረዝም ስልኩ ዝቅ ይላል፣ ስትራመዱም ወዲያ ወዲህ እያለ ጭኑን ይመታል።